ልጅ ያድጋል፣ የተገጠመለት እግር ግን አያድግም፦ ለእርዳታ አሰባሳቢ ኮሚቴዎችና ለጤና ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በሲያትልና በሚኒሶታ ላላችሁ የእርዳታ አሰባሳቢ ኮሚቴዎች፣ የኮሚዩኒቲ ማህበራት፣ የሰበካ ጉባኤና የመስጊድ ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላችሁ ለማታውቁት ልጅ ብር ለምትለምኑ እህትና ወንድሞቼ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልን። ደብዳቤዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ፣ ግን እስከመጨረሻው አንብቡልኝ።

የምጽፍላችሁ በጦርነት ስለተጎዱ ልጆች ነው። ያደረጋችሁትን አይቻለሁ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሰው እርስ በርሱ መነጋገር አቅቶት በነበረበት ጊዜ እንኳን ኡበር የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሰራው፣ ነርሲንግ ሆም ደብል ሺፍት ገብታ የምታድረው እህታችን ከደሞዟ ቀንሳ ስትሰጥ ነበር፣ አንዳንዱ እኮ ለራሱ ቤተሰብ የሚልከውን ቀንሶ ነው የሰጠው። እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይቀበላችሁ። ስለዚህ ልወቅሳችሁ አልተነሳሁም። አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። የምትሰበስቡት ብር ልጁ ሆስፒታል ሲገባ ይደርስና ከሆስፒታል ሲወጣ ያልቃል፣ ልጁ ግን ገና ሰባት አመቱ ነው፣ ከዛ በኋላ ያሉትን አስራ አንድ አመታት ማን ይሸፍንለት?

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አገር ቤት እያለሁ እግር ወይ እጅ ያጡ ሰዎች ሰው ሰራሽ ተገጥሞላቸው መራመድ በሚለማመዱበት ማዕከል ሰርቻለሁ፣ አሁን ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ እዚህም ስራዬ ያው ነው። በሁለቱም አገር በእጄ የነካሁት ጉዳይ ስለሆነ ነው የምናገረው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ላስረዳ። አዋቂ ሰው እግሩ ቢቆረጥ አጥንቱ በቃ እዛው ላይ ነው የሚቀረው። የልጅ አጥንት ግን ማደጉን አያቆምም። ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ልጅ አጥንቱ ከስጋውና ከቆዳው ቀድሞ ይረዝማል፣ ጫፉ ይሾልና ቆዳውን ከውስጥ ይገፋል፣ ያማል፣ ይቆስላል፣ አንዳንዴ በስቶት ይወጣል፣ ያኔ እንደገና ኦፕራሲዮን ነው፣ ከሁለት አመት በኋላ ደግሞ ምናልባት እንደገና። ይሄ ክንድ ላይና ከጉልበት በታች ያሉት አጥንቶች ላይ ነው በብዛት የሚታየው። ለዛም ነው የልጆች ሰርጀን ከቻለ አጥንቱን መሀል ለመሀል ከመቁረጥ መገጣጠሚያው ላይ መለየትን የሚመርጠው። ግን ፍንዳታ የመታት ልጅ ስትመጣ ማን ይመርጣል? ሀያ ኪሎ የምትመዝን ልጅ በመላ ሰውነቷ ያለው ደም አንድ ሊትር ተኩል ቢሆን ነው፣ ትንሽ ከፈሰሳት አለቀ፣ ሀኪሙ እጁ ላይ ባለው መሳሪያ ህይወቷን ያተርፋል፣ ጎበዝ ነው፣ ሌላው ነገር ለነገ ይቆያል። እኔ የምላችሁ ያ ነገ ባለቤት የለውም ነው።

ሰው ሰራሽ እግሩስ? እሱ ከፕላስቲክ የተሰራ ነው፣ አያድግም። አዋቂ ሰው አንዱን እግር ሶስት አመት፣ ከያዘው አምስት አመት ሊጠቀምበት ይችላል። ልጅ ግን በአመት አንዴ መቀየር አለበት፣ ቶሎ ቶሎ በሚያድግበት እድሜ ደግሞ ስድስት ወርም ላይቆይለት ይችላል። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ በሰባት አመቷ የተጎዳች ልጅ አስራ ስምንት እስኪሞላት አስር ያህል እግር ያስፈልጋታል። እኛ በጎፈንድሚ የገዛንላት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ካልመጣ ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ሶኬቱ ይጠባታል፣ እግሯ የሚገባበት ማለቴ ነው፣ ይላልጣታል፣ አንዱ እግሯ ካንዱ ስለሚያጥር እያነከሰች ወገቧ ይጣመማል፣ ከዛ እግሩን አውልቃ አልጋ ስር ትወረውረዋለች፣ ወደ ክራንቿ ትመለሳለች፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ዳገት ላይ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ መሄድ ትተዋለች። ፎቶዋ ላይ ግን ቆማ እየሳቀች ነው ያለችው፣ እኛ እሱን ነው የምናስታውሰው።

ቃጠሎም እንደዚሁ ነው። ጠባሳ እንደ ጤነኛ ቆዳ አይለጠጥም፣ ልጁ በረዘመ ቁጥር ይይዘዋል፣ በጊዜው ካልተሰራለት ክንዱ ከብብቱ ጋር፣ አገጩ ከደረቱ ጋር ተያይዞ ይቀራል፣ በየጊዜው እየተከፈተ ከጭኑ ቆዳ ተወስዶ ሊለጠፍለት ይገባል፣ ከዛ በኋላ ወራት ሙሉ ፊዚዮ። ፍንጣሪ የገባበት አጥንት ድኗል ተብሎ ቤቱ ከሄደ ከስንት ወር በኋላ መግል ይዞ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ ደግሞ ማንም የማያየው ጆሮ ነው፣ ፍንዳታ የጆሮ ታምቡር ይቀድዳል፣ ልጁ ክፍል ውስጥ አስተማሪው የሚለውን አይሰማም፣ ሰነፍ ነው ይባላል፣ ይገረፋል፣ ማንም ጆሮውን ያየለት የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ለልጅ ህክምና ብር አነሰ ሲባል ሁላችንም ኦፕራሲዮኑን ነው የምናስበው። እኔ ያየሁት ግን ቀጠሮ ያስቀረው በአብዛኛው ኦፕራሲዮን አይደለም፣ አውቶቡስ ነው። ማዕከሉ ያለው ደሴ ነው እንበል፣ እናትየው ያለችው ዋግ ኽምራ ውስጥ ከሰቆጣ ወዲያ አንድ ቀበሌ ነው። ልጇን አዝላ እስከ መኪና መንገድ በእግሯ ትወጣለች፣ ከዛ ሰቆጣ፣ ከዛ ደሴ፣ መንገዱ ከተከፈተ ነው እሱም። እግር መለካት፣ መስራት፣ መሞከር፣ ማስተካከል፣ መለማመድ፣ ይሄ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ሳምንታት ይወስዳል። አስታማሚ የት ያድራል? ምን ይበላል? ቤት ያሉትን ሌሎቹን ልጆች ማን ያያቸዋል? አጨዳ ከደረሰ እህሉን ማን ይሰበስበዋል? ነጻ ህክምና የሚል ወረቀት ቢኖራት እንኳን ወረቀቱ ሽሮ አይሆንላትም። እና ትቀራለች። ካርዱ ላይ "ቀጠሮ አላከበረችም" ይባላል።

እባካችሁ ኮሚቴዎች፣ ይሄንን አስምሩበት፣ ለአውቶቡስ፣ ለአልጋና ለምግብ የሚሆን ብር በጀታችሁ ውስጥ ካልገባ የገዛችሁት እግር መጋዘን ውስጥ ነው የሚቀረው። ፖስተር ላይ አያምርም አውቃለሁ፣ "ለእናትየው የአውቶቡስ ትኬት" ብሎ ፈንድሬዝ ማድረግ ልብ አይነካም። ግን ስራውን የሚሰራው እሱ ነው።

ልጆቹ የተጎዱበትን ጥቂቱን ላስታውስ። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማክሰኞ ቀን፣ ገበያ ላይ፣ ትግራይ ውስጥ ቶጎጋ ላይ ቦምብ ወረደ፣ ቁስለኞቹን ወደ መቀሌ ሊያመጡ የሄዱ አምቡላንሶች መንገድ ላይ መመለሳቸውን የጤና ባለሙያዎች ያኔ ተናግረዋል። ሐምሌ 29 አፋር ውስጥ ጋሊኮማ ላይ፣ ተፈናቅለው ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም ውስጥ የተጠለሉ ሰዎች ተመቱ፣ ዩኒሴፍ በደረሰው ሪፖርት መሰረት ከ200 በላይ ሰው መሞቱን፣ ከነሱ ውስጥ ከ100 በላዩ ልጆች መሆናቸውን ገልጾ ነበር። ነሐሴ 20 ቀን 2014 መቀሌ ላይ መዋዕለ ህጻናት ተመታ። አይደር ሆስፒታል መድሃኒት አልቆበት፣ ሰራተኞቹ ደሞዝ ሳይከፈላቸው ወራት ሲሰሩ፣ ደሴ ሆስፒታል ደግሞ ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ሲቀር አይተናል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ፣ እሰይ ብለን አለቀስን። ግን እርሻውና ሜዳው ላይ የቀረው ያልፈነዳ ተተኳሽ አልፈረመም፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የሚያብረቀርቅ ብረት ሲያይ ያነሳል፣ ልጅ ነው፣ ያነሳል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ጦርነት፣ ኦሮሚያም እንደዚሁ አልበረደም። ይሄን ሁሉ የማነሳው ማን ምን አደረገ ለማለት አይደለም፣ ለሱ ሌላ ቦታ አለው። እነዚህ ልጆች ዛሬም በህይወት አሉ፣ እያደጉ ነው፣ እግር ጠቧቸዋል ለማለት ነው።

የኛ ፈንድሬዚንግ እንዴት እንደሚሰራ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ይፈጠራል፣ ቪዲዮ ይወጣል፣ ሁላችንም እናለቅሳለን፣ ሊንክ ይለቀቃል፣ በሶስት ቀን ውስጥ ብር ይሞላል፣ ከዛ ሌላ ቪዲዮ ይመጣል። ልባችን ደግ ስለሆነ ነው፣ ግን ልባችን የሚነቃው በጩኸት ጊዜ ብቻ ሆነ። እድር እንደዚህ አይደለም እኮ። እድር ውስጥ ማንም ሳይሞት በየወሩ እንከፍላለን፣ ሰው የሞተ ቀን ድንኳኑም ወንበሩም ድስቱም ተገዝቶ ይጠብቃል፣ ማንም ፖስተር አይሰራም። ይሄን አሰራር ከአያቶቻችን ወርሰነዋል፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እድር አለን፣ ታዲያ ለቀብር ያወቅንበትን ለልጅ እግር ለምን አናደርገውም? በወር አምስት ዶላር፣ አስር ዶላር፣ ከካርድ ላይ በራሱ የሚቆረጥ። ለአንድ ጊዜ ሁለት መቶ ዶላር ከምትሰጡኝ በወር አስር ዶላር ለአምስት አመት ብትሰጡኝ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ማዕከሉ የሚቀጥለው አመት ስንት ልጅ መቀበል እንደሚችል ቀድሞ ያውቃል፣ ማቴሪያል ቀድሞ ያዛል። በ2010 ሐምሌ "በቀን አንድ ዶላር" ተብሎ ለዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ጥሪ ሲደረግ ሺዎች ገብተው አዋጥተዋል፣ በየጊዜው ማዋጣት የማይሆንልን ሰዎች አይደለንም።

አንድ የሚከነክነኝን ነገር በግልጽ ልናገር፣ የሚቆጣኝ ካለ ይቆጣኝ። የምንሰበስበው በብሄር በብሄር፣ በወረዳ በወረዳ ሆኗል። ሰው መጀመሪያ ለመንደሩ ልጅ ቢያስብ ተፈጥሮ ነው፣ አልፈርድም፣ የራሱን ሞት ያየ ሰው መጀመሪያ ወደራሱ ነው የሚሮጠው። ግን ውጤቱን አስቡት። ትግራዋይ አሜሪካ ብዙ ነው፣ አማራም ብዙ ነው፣ ኦሮሞም ሚኒሶታ ሙሉ ነው። የጋሊኮማ ልጅስ? አፋር አሜሪካ ውስጥ ስንት ሰው አለው? መተከል ላይ የቆሰለ የጉሙዝ ልጅስ፣ ላይቭ የሚገባለት ማን አለው? እንደዚህ ከሆነ ልጅ የሚታከመው በቁስሉ ልክ ሳይሆን አሜሪካ ባለው ዘመድ ልክ ነው ማለት ነው። እኔ የምጠይቀው ሁሉንም ማህበር አፍርሳችሁ አንድ ሁኑ አይደለም፣ አይሆንምም። ከሰበሰባችሁት ከአስር እጅ አንዱን ማዕከሉ በያዘው የተራ ዝርዝር መሰረት፣ ስም ሳትጠይቁ፣ ቀጥሎ ላለው ልጅ ስጡ። በቃ። መቀሌ ማዕከል ቀጥሎ ያለው ማንም ይሁን፣ ደሴ ቀጥሎ ያለው ከአፋር የመጣ ይሁን ከወሎ። ስሙን ሳታውቁ ስጡ።

ሌላው የውጪ ህክምና ነው። አንድ ልጅ ይጎዳል፣ "ባንኮክ መሄድ አለበት፣ ህንድ መሄድ አለበት፣ ቱርክ" ይባላል፣ ብር ይሰበሰባል። አንዳንዱ እውነትም መሄድ አለበት፣ አገር ውስጥ የማይሰራ ከባድ ነገር አለ፣ የሀኪሞች ቦርድ አይቶት ከጻፈለት እኔም አዋጣለሁ። ግን ቦርድ ሳይጽፍ፣ የልጆች የአጥንት ሀኪም ሳያየው፣ በጭንቀት ብቻ የሚላክ አለ፣ እና እዛ ሄዶ የተገጠመለት ውድ እግር ሲመለስ ብሎኗን የሚቀይር ሰው አገር ቤት አይገኝም። አዲስ አበባ ኪዩር የሚባል የልጆች የአጥንት ሆስፒታል አለ፣ ጥቁር አንበሳ አለ፣ ለቃጠሎ የካቲት 12 አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝና ጓደኞቻቸው በ1980ዎቹ ለልብ ህሙማን ህጻናት ማህበር ሲያቋቁሙ ልጆቹ ውጪ አገር እየተላኩ ነበር የሚታከሙት፣ ግን እዛ ላይ አልቆሙም፣ ተማሪው አንድ ብር አንድ ብር እያለ፣ ሰው በስልኩ ቴክስት እየላከ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ተሰራ፣ ልጆች እዛው አገራቸው ላይ ልባቸው ተከፍቶ ዳኑ። ልብ ከተቻለ እግር እንዴት አይቻልም? አንድ ልጅ ባንኮክ ለማድረስ የሚወጣው ብር አገር ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚያቆም ከመወሰናችሁ በፊት ማዕከሎቹን ደውላችሁ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

ስለ ፎቶ ደግሞ። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ የልጅ ቁስል አታሳዩ። ብር ያመጣል፣ አውቃለሁ። ግን ያቺ ልጅ ነገ አስራ ስድስት አመት ይሆናታል፣ ስልክ ይኖራታል፣ እርቃኗን ሆና ደም በደም ሆና እያለቀሰች የሚያሳየውን ቪዲዮ ራሷ ታገኘዋለች፣ የክፍሏ ልጆችም ያገኙታል። እናትየው ፈቅዳለች ትላላችሁ፣ ልጇ እየሞተ ያለች እናት ምን አትፈቅድም? ስሟን ቀይሩ፣ ፊቷን ሸፍኑ፣ ደረሰኙን አሳዩ፣ የሀኪም ወረቀቱን ስሙን አጥፍታችሁ አሳዩ። እኛም ሰጪዎች ደግሞ ደም ካላየን አንሰጥም የሚለውን ልማድ እንተው።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚሰራ። ጎፈንድሚ ብር ወጪ የሚያደርግባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፣ ስለዚህ ሁሌ እዚህ ባንክ አካውንት ያለው አንድ ሰው ስም ላይ ነው ብሩ የሚገባው፣ ያ ሰው ምንም ታማኝ ቢሆን ብቻውን ነው፣ ቢታመም፣ ቢጨናነቅ፣ ሰው ቢያማው መከላከያ የለውም። እሱንም ለማዳን ሲባል ሶስት አራት ማህበር ሆናችሁ 501ሲ3፣ ማለትም ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ አስመዝግቡ፣ ወይ የተመዘገበ ካለ ስሩ ግቡ። ይሄ ሁለት ነገር ይሰጣችኋል። አንደኛው፣ በየአመቱ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ፎርም 990 የሚባል ሪፖርት ይሞላል፣ ሙሉውን ፎርም ከሞላችሁ ማንም ሰው ገብቶ ገቢና ወጪውን ማየት ይችላል፣ ሀሜት ይቀንሳል። ሁለተኛው ማቺንግ ነው፣ ብዙ ሆስፒታሎችና ትልልቅ ካምፓኒዎች ሰራተኛቸው ለተመዘገበ ድርጅት ሲሰጥ ያንኑ ያህል ይጨምራሉ፣ ስንቱ ሀበሻ ሆስፒታል ውስጥ እየሰራ ይሄን ፎርም ሞልቶ አያውቅም፣ ነገ ስራ ስትገቡ ኤችአር ጠይቁ።

ብሩን ስትልኩ ደግሞ ለማዕከሉ ቢል ላይ በቀጥታ ክፈሉ፣ በእጅ አይዞር። ለእናትየው የአውቶቡሱንና የምግቡን በማዕከሉ ሶሻል ወርከር በኩል ወይ በቴሌብር በስሟ፣ በየጉዞው ከፋፍላችሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሆኗል፣ በባንክ ላኩት፣ ደረሰኝ ይኑረው። በነገራችን ላይ ይሄ የምንዛሪ ለውጥ ለኛ ዶላራችን ብዙ ብር ሆነ ማለት ነው፣ ለማዕከሉ ግን ከውጭ የሚመጣው ፕላስቲክ፣ ሰው ሰራሽ ጉልበትና የእግር መዳፍ በብር ሲሰላ ተወደደ ማለት ነው፣ ስለዚህ ዶላር ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው። እስከዛሬ እነዚህን የተሃድሶ ማዕከላት በማቴሪያልና በስልጠና ለብዙ አመታት ሲደግፍ የኖረው የአለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በበጀት እጥረት ከ1,500 በላይ የስራ ቦታ ለመቀነስ ተገዷል፣ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግስት አብዛኛውን የውጭ እርዳታውን አቆመ፣ ያኔ የተዘጋው ፕሮጀክት ብዙ ነው። ሌላ ሰው ይሸፍነዋል ብለን የምንተኛበት ጊዜ አልፏል።

"ይሄ የመንግስት ስራ ነው" የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፣ ነው። ለዛም ነው ግልባጩን ለጤና ሚኒስቴር ያደረግኩት።

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ሀላፊዎች፣ ኢትዮጵያ የህጻናት መብቶች ኮንቬንሽንን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች፣ አንቀጽ 39 በጦርነት የተጎዳ ልጅ አካሉም አዕምሮውም እንዲያገግም፣ ወደ ማህበረሰቡ እንዲመለስ መንግስት እርምጃ ይወስዳል ይላል። ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለው የኦታዋ ስምምነት አባልም ነን፣ እሱም ተጎጂን መርዳትን ይጨምራል። እኔ የምለምናችሁ ትልቅ ህንጻ አይደለም። መጀመሪያ መዝገብ ያስፈልጋል፣ በጦርነትና ባልፈነዳ ተተኳሽ አካሉን ያጣ ልጅ ሁሉ የት እንዳለ፣ መቼ የመጨረሻ እግሩ እንደተሰራለት፣ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ የሚያሳይ፣ ክልል ቢቀይር፣ ቢፈናቀል አብሮት የሚሄድ ካርድ። ለክትባት ይሄን እናደርጋለን እኮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ ቤት ለቤት ሄዳ ህጻኑን ታገኘዋለች፣ ያቺው ሰራተኛ ለተጎዳችው ልጅ "የእግርሽ ጊዜ ደርሷል" ብላ ብትነግራት ምን ይከብዳል? ሌላው፣ ለማዕከላቱ የሚመጣው ጥሬ እቃ ጉምሩክ ላይ ወራት እንዳይቆም ከገቢዎችና ከባንኩ ጋር ተነጋገሩልን፣ አንድ ኮንቴይነር በዘገየ ቁጥር ስንት ልጅ አድጎ እግሩ እንደሚጠበው አስቡ። ሰው ሰራሽ አካል የሚሰሩ ባለሙያዎችን ቁጥር ጨምሩ፣ ያሉትን ደግሞ እንዲቆዩ ክፈሏቸው፣ ጥሩ ጥሩዎቹ እየሄዱ ነው፣ እኔም ሄጃለሁ፣ ለምን እንደሄድኩ እናንተም ታውቃላችሁ። እና መንገድ። ተኩስ ባለበት ቦታ የታመመ ልጅ የያዘች እናት ኬላ ላይ እንዳትቆም፣ ይሄን ከመከላከያም ከታጠቁትም ጋር መነጋገር የምትችሉት እናንተና ቀይ መስቀል ናችሁ።

ወደ ኮሚቴዎቹ ልመለስና ልጨርስ። ብዙዎቻችሁ አካውንት ውስጥ ከድሮው ዘመቻ የተረፈ ብር እንዳለ አውቃለሁ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ምን እናድርገው እያላችሁ የቆየ። ያንን ብር መነሻ አድርጉት። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ አስገቡ፣ ከዚህ በፊት የረዳችኋቸውን ልጆች ዝርዝር አውጡና በየቤታቸው ደውሉ፣ የተሰጠው እግር አሁን ይገባዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው። መልሱን ስታገኙ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ጁላይ መግቢያ ላይ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ላይ ያ ሁሉ ህዝብ ሲሰበሰብ አንድ ጠረጴዛ ያዙ፣ የወር መዋጮ ፎርም ብቻ ይኑረው። የሀኪም ወረቀት የሚያነብላችሁ፣ ከማዕከላቱ ጋር በስልክ የሚያገናኛችሁ፣ የእግር ቢል ሲመጣ ዋጋው ትክክል መሆኑን የሚያይላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፣ ማታ ማታ ከስራ መልስ፣ ያለምንም ክፍያ፣ ሌሎች የሙያ ጓደኞቼንም አመጣለሁ፣ ከማንኛውም ወገን ለመጣ ኮሚቴ።

ከአክብሮት ጋር

አንድ ፊዚዮቴራፒስት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ